ለገና ዋዜማ አልጋ አትግዢ

የጠያቂዋ ደብዳቤ

«ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ገናን ላሊበላ ማክበር የዕድሜ ልክ ምኞቷ ነው፤ አያቴ በእግሯ ሄዳ እንደነበር እየተረከች ነው ያሳደገችን። ዘንድሮ እወስድሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። ያጠራቀምኩት 18 ሺህ ብር ነው፤ መጓጓዣውም ምግቡም ማደሪያውም ከዚያው ነው። በሰው በሰው ያገኘሁት አንድ ደላላ፣ ሻወር ያለው ባለ አንድ አልጋ ክፍል ለአንድ ሌሊት 7 ሺህ ብር ነው፣ ከሦስት ሌሊት በታች አይከራይም፣ ግማሹን ቀብድ ዛሬውኑ በቴሌብር ላኪ አለኝ። የአጎቴ ሚስት እህት እዚያው ላሊበላ ትኖራለች። ‹እኔ እያለሁ ምን አልጋ ያስፈልጋል› ብላ ልካብናለች፤ ነገር ግን በአካል ተያይተን አናውቅም። እናቴ ደግሞ ‹የማላውቀው ሰው ቤት ሄጄ አልከብድም፤ እናቴ እንዳደረገችው ከሕዝቡ ጋር ድንኳን ውስጥ አድራለሁ› ትላለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ሌሊትም ሁለት ሦስት ጊዜ ትነሣለች። ጅዳ ያለው ወንድሜ ‹ደኅና ሆቴል ያዙ፣ እኔ እልካለሁ› ካለ ወር አለፈው። እናቴን ድንኳን ውስጥ ማሳደር አሳፈረኝ፤ ለአልጋ ብቻ 21 ሺህ ብር መክፈል ደግሞ አልችልም። ምን ይሻለኛል? ግራ የገባት ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን»

መልስ

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ቀብድ አለመላክሽን አረጋግጪልኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ከእናትሽ ጉልበትም ከወንድምሽ ዝምታም ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ካልላክሽ ያለሽ ገንዘብ ይበቃሻል። እንዴት እንደሚበቃ ልንገርሽ።

ገና ላሊበላ ላይ የሚከበረው ሌሊቱን ነው። ማኅሌቱ በዋዜማው ምሽት ይቆማል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። ሲነጋ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ቤተ ማርያም ይጎርፋል። ካህናቱ ከፊሎቹ ላይ በአለቱ አፋፍ፣ ከፊሎቹ ታች በቅጽሩ ውስጥ ቆመው «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» እያሉ ይቀባበላሉ፤ የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። እናትሽ ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት ይህንን ነው። እስኪ ንገሪኝ፣ በዚያ ሌሊት ማን ይተኛል? ደላላው 7 ሺህ ብር የሚጠይቅሽ በዓመት ውስጥ ካሉት ሌሊቶች ሁሉ ማንም ለማይተኛበት ለዚያ አንድ ሌሊት ነው። አንቺና እናትሽ ቤተ ማርያም ቆማችሁ ስታድሩ በ7 ሺህ ብር አልጋ ላይ የሚያድረው ሻንጣችሁ ነው።

በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው የሚገባው። የአልጋ ቤት ሒሳብ ከማታ እስከ ጠዋት ነው። ለታኅሣሥ 28 ሌሊት የተከፈለበት ክፍል በ29 ረፋድ ላይ ልቀቁ ይባላል። እናንተ ሌሊቱን ቆማችሁ፣ ቤዛ ኩሉን አይታችሁ፣ እግራችሁ አልታዘዝ ብሎ በዝግታ ስትመለሱ የቤቱ ሠራተኛ አንሶላ ሊቀይር በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። አልጋው በእውነት የሚያስፈልጋችሁ በዚያች ሰዓት ነበር። ስለዚህ የዋዜማውን አልጋ ተዪውና የ29ን ያዢ። ከበዓሉ ጠዋት ጀምሮ፣ ቀኑን ተኝታችሁበት፣ ሌሊቱንም አድራችሁበት፣ በ30 ጠዋት የምትለቁትን አንድ ክፍል ፈልጊ። አብዛኛው ተጓዥ ቤዛ ኩሉ እንዳለቀ በዚያው ዕለት መመለስ ስለሚጀምር ከቀትር በኋላ ክፍል መለቀቅ ይጀምራል፤ «ከሦስት ሌሊት በታች አይሆንም» ያለው ሰው ድምፁ ለስለስ የሚለውም ያን ጊዜ ነው።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የልደት በዓል የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር። እኔ 28ና 29 እያልኩ የማወራው በሌላው ዓመት ሥርዓት ነው። የአልጋ ቤት ልጅ በስልክ «ለገና ነው?» ሲልሽ «አዎን» ብለሽ አትለፊው፤ ቀኑን በቁጥር ጥሪለት። ስሙ አንድ ሆኖ ሌሊቱ ሌላ በሆነ ክፍል ምክንያት የተጣላ ሰው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ቀብዱ። እኔም የቀብድ ጠባሳ አለብኝ። ከዓመታት በፊት ለጥምቀት ጎንደር ስሄድ፣ የአንድ ማረፊያ ቤት ሰው ነኝ ላለኝ ድምፅ የሁለት ሌሊት ሒሳብ አስቀድሜ ልኬ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ደርሼ ስሜን ስናገር መዝገብ የያዘው ልጅ ሁለት ጊዜ ገልብጦ «በእርስዎ ስም የተያዘ ነገር የለም፣ እናቴ» አለኝ። ገንዘቤን የተቀበለው ሰው የቤቱ ሠራተኛ አልነበረም። ስልኩም ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ዝግ ነው። ልጁ ራርቶልኝ ከምግብ ቤቱ አዳራሽ ሦስት ወንበር ገጥሞ ሰጠኝ፤ ቦርሳዬን ተንተርሼ አደርኩ። ጠዋት በር ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እኔ እያለሁ?» አለችና ጀበናዋን ሳታነሣ ልጇን ከእኔ ጋር ወደ ቤቷ ላከችው። የቀሩትን ሁለት ሌሊቶች ያደርኩት እሷ ቤት መደብ ላይ ነው። ይህችን ሴት ወደ በኋላ እመለስባታለሁ።

ቀብድ መክፈል ራሱ ነውር የለበትም፤ በበዓል ሰሞን ያለ ቀብድ ክፍል የሚይዝልሽ አታገኚም። ነገር ግን ለደላላ አይሁን። የቤቱን ስልክ ፈልገሽ ራስሽ ደውዪ፣ ባለቤቱን ወይም ኃላፊውን አነጋግሪ። ቴሌብር ገንዘቡን ከመላክሽ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳይሻል፤ ጣትሽ ከመቸኮሉ በፊት ቆም ብለሽ ያንን ስም አንብቢ፣ ከነገሩሽ ስም ጋር ካልገጠመ ዝጊው። ከላክሽም በኋላ ቀኑ፣ የሌሊቱ ብዛት፣ ክፍሉ ሻወር ያለው መሆኑ፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የተከፈለው ቀብድና የመልቀቂያው ሰዓት በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይምጣልሽ። «እኛ ጋ በቃል ነው» የሚል ካለ ገንዘብሽም ከአንቺ ጋር ይቆይ። ለአንድ ሌሊት ብቻ በስልክ አንይዝም ካሉሽ ደግሞ አትጨነቂ። ላሊበላ በደረሳችሁበት ቀን እናትሽ አረፍ ብለው ቡና ሲጠጡ፣ አንቺ ትንንሾቹን ፔንሲዮኖች በእግርሽ እየዞርሽ «በሃያ ዘጠኝ የሚለቀቅ ክፍል አላችሁ?» በዪ። ፊት ለፊት የቆመ ሰው የሚሰማው ዋጋ በስልክ ከሚሰማው ይለያል፤ ክፍሉንም በዓይንሽ ታያለሽ።

ስታዪ ምን እንደምታዪ የአንቺን ያህል አውቃለሁ ብዬ አልመጻደቅም። የእኔን ልማድ ግን ልንገርሽ። አንሶላውን ገልጬ የፍራሹን ስፌት በስልክ መብራት አየዋለሁ፤ ትኋን ካለ እዚያ ነው። ቧንቧውን እከፍታለሁ፤ ውሃ ከሌለ በርሜል ወይም ጀሪካን ሞልቶ መቀመጡን አያለሁ፤ ምክንያቱም በበዓል ሰሞን ከተማው ውስጥ የሚገባው ሰው ሲበዛ ውሃው አይበቃም። በሩ ከውስጥ መቆለፉን፣ ከታች መጠጥ ቤት አለመኖሩን አረጋግጣለሁ። ለእናትሽ ደግሞ ከሁሉም በላይ ደረጃውን ቁጠሪ። ላሊበላ ሁሉም ነገሯ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ክፍሉ ምድር ቤት ቢሆን፣ ሽንት ቤቱ እዚያው ቢሆን፣ በመስኮቱ ተራራ ባይታይም ይቅር።

ባለ ሆቴሎቹን ግን ዘራፊ አድርገሽ አትይባቸው። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ሆቴሎቹም አብዛኞቹ የተሠሩት አሥራ አንዱን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ከሩቅ የሚመጣውን ጎብኚ አስበው ነው። ያ ጎብኚ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ቀረ። ሊመለስ ሲል የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከተማዋ ራሷ በጦርነቱ ውስጥ ወደቀች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የክልሉ ግጭት አለ። ባዶ ክፍል እየጠረገ የከረመ ሰው የዓመቱን ዕዳ በገና አምስት ቀን ለመክፈል ቢሞክር አልፈርድበትም፤ ዋጋ እንዲቀንስልሽ ስትለማመጪው በዚህ ልብ ሁኚ። ደላላውን ግን አልተውለትም። እሱ ያልጠረገውን ክፍል ነው የሚሸጥልሽ።

እንግዲህ ከዋዜማው በፊት ያለው ሌሊትና የዋዜማው ማረፊያ ቀረ። እዚህ ላይ የአጎትሽ ሚስት እህት ትምጣልን። በአካል አታውቋትም ብለሻል። እኔም ያቺን የጎንደር ቡና አፍዪ በአካል አላውቃትም ነበር፤ እሷም እኔን አታውቀኝም፣ በመካከላችን አጎትም የአጎት ሚስትም አልነበረችም። በሀገራችን መንገደኛ በማያውቀው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት ለእንግዳ» የሚባለው መልስ ዝምድና አይጠይቅም። ላሊበላ ደግሞ ለገና ይህንን ከማንም ይበልጥ ታደርገዋለች። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከዋግ፣ ከየጁ ቀናት ተጉዞ በእግሩ የገባውን ሰው ወጣቶች ውሃ አሙቀው እግሩን ያጥቡታል፤ ቤቱ የቻለ ቤቱን ይከፍታል። እናትሽንም «እማማ፣ ይቀመጡ እግርዎን እንጠብ» ይሏቸዋል። እምቢ እንዳይሉ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እግራቸውን ካሳጠቡ በኋላ «ሰው ላይ አልከብድም» የሚለው ክርክር ብዙም አይቆምላቸውም።

አንቺ ግን ለሴትዮዋ አትደውዪ፤ እናትሽ ራሳቸው ይደውሉ። ልጅ ስትደውል ነገሩ የክፍል ጥያቄ ይሆናል፤ እናት ስትደውል ግን ስለ አገሩ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ይባላል። ሁለት ሰው በድምፅ ከተዋወቀ በኋላ ደግሞ ሦስተኛው ጥሪ ላይ እናትሽ ራሳቸው «እስኪ ቡናውን ከዚህ ልያዝ ወይስ እዚያ ይሻላል?» ሲሉ ታገኛቸዋለሽ። አንቺ የምትደውዪው ለአጎትሽ ሚስት ነው። እህቷን በግልጽ መጠየቅ የምትችለው እሷ ናት፦ ቤቱ ከቤተ ማርያም ምን ያህል ይርቃል፣ መንገዱ ዳገት ነው ወይ፣ ሽንት ቤቱ ከቤቱ ውስጥ ነው ወይስ ከግቢው ጥግ፣ ሌላ እንግዳስ ተጠርቷል ወይ? ይህንን አንቺ የቤቱን እመቤት ራሷን ብትጠይቂ ያስቀይማል፤ እህት ለእህት ሲሆን ግን ወግ ነው። ሽንት ቤቱ ከራቀ አንድ ፖፖ ያዢ። ማፈር አያስፈልግም፤ በጨለማ ድንጋይ ላይ ከመውደቅ ይሻላል።

ቤቱ ውስጥ ከሁለት ሌሊት አትለፉ፤ በ26 ወይም በ27 ገብታችሁ የዋዜማው ምሽት ድረስ። እናትሽ ሌሊት ማኅሌቱ ከበዛባቸው ለአንድ ሁለት ሰዓት መጥተው ጋደም የሚሉበት ቤት አገኙ ማለት ነው፤ ለዋዜማው የሚያስፈልገው አልጋም ይኸው ነው። በ29 ወደ ፔንሲዮኑ ስትዛወሩ ደግሞ ሴትዮዋ በበዓሏ ቀን ከራሷ ቤተሰብ ጋር ትበላለች፣ እናንተም ተንፈስ ትላላችሁ። «ምን አስከፋኋችሁ?» ትል ይሆናል። «ለመንገድ በሌሊት ስለምንነሣ እንዳንቀሰቅሳችሁ ነው» በዪያት፤ እውነትም ነው።

ባዶ እጅ አይኬድም። ገንዘብ አውጥተሽ ብትሰጪያት ኪራይ ይመስልና ትቆጣለች። ቡናና ስኳር ያዙ፤ ልጆች ካሏት ደብተርና እስክሪብቶ ከመምህርት እጅ ያምራል። የገናውን ዶሮ ወጪ መካፈል ከፈለግሽ ለልጇ «ለቡና» ብለሽ አስጨብጪ። ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ግን የከተማሽ ምርት ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ። ሁለት ያዙ፤ አንዱን በመንገድም እዚያም ለብሳችሁት፣ ሌላውን አዲሱን ሳትፈቺው ለእሷ ጥላችሁላት ተመለሱ።

ብርድ ልብስ ካነሣሁ ስለ ድንኳኑም ልናገር፤ ይህ ሁሉ ካልተሳካ እሱ አለና። እናትን ድንኳን ውስጥ ማሳደር ያሳፍራል ብለሻል። ማንን ነው የምታፍሪው? ከጎንሽ ያለው ድንኳን ውስጥ የአንዱ ነጋዴ እናት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ውስጥ የአንዱ ዳኛ አባት ተኝተው ይሆናል። በዚያ ሜዳ ላይ የሚያፍር ካለ አልጋ ይዞ ማኅሌት ያመለጠው ነው። ውሳኔሽ በእናትሽ ጉልበት ይሁን። ለደብረ ብርሃን ልጅ ስለ ብርድ ማውራት ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከተማሽ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ላሊበላ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ነው። አንቺ ግን ቤት ውስጥ አልጋ ላይ የምትተኚ የደብረ ብርሃን ልጅ ነሽ። ከላይ የሚመጣውን ብርድ ጋቢ ይመልሰዋል፤ ከመሬት የሚወጣውን የሚመልሰው ከሥር ሸራ፣ ከላዩ ወፈር ያለ ፍራሽ ነው። ጉልበት የሚያሳምመውም ይኸኛው ነው። ሁለተኛው ችግር ሽንት ቤት ነው፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሚነሣ ሰው በተኛ ሕዝብ መካከል እየተራመዱ መውጣት ከባድ ነው። ስለዚህ የድንኳኑ ጥግ፣ ወደ መውጫው ያለው ቦታ፣ የእናትሽ ይሁን።

የጉዞ ማኅበራትንም ጠይቂ። ከየደብሩ ለገና ወደ ላሊበላ አውቶቡስ የሚያዘጋጁ አሉ፤ መጓጓዣውን፣ ምግቡንና ማደሪያውን በአንድ ሒሳብ ስለሚይዙ ለአንዳንድ ሰው ከሁሉ ይረክሳል። ነገር ግን «ማደሪያ አለው» ሲሉሽ ምን ዓይነት ማደሪያ እንደሆነ ጠይቂ፤ አንዱ ጋ ክፍል ነው፣ ሌላው ጋ አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ነው፣ ሦስተኛው ጋ «ድንኳን አለ፣ ፍራሽ ከራስ» ነው። ሌላ ጥቅምም አለው። ዘመዳችሁ ቤት ሩቅ ሆኖ ለዋዜማው ግድ አልጋ ካስፈለገ፣ ከጉዞው እናቶች ሁለቱን አግኝተሽ አንድ ክፍል ለሦስት ተከራዩ። ሦስቱ በአንድ ጊዜ አይተኙም፤ አንዷ ስታርፍ ሁለቱ ይቆማሉ። 7 ሺህ ብር ለሦስት ሲካፈል ከ2,400 ብር በታች ነው፤ እሱም ቢሆን እናትሽ መቆም ያልቻሉ እንደሆነ ብቻ።

ሌሊቱን ለሚቆሙት እናት መቋሚያ ያዢላቸው፤ ከሌለ ደኅና ምርኩዝ። ወደ ቤተ ማርያም የሚያስገቡት መተላለፊያዎች ጠባብ ናቸው፣ ድንጋዩ ብዙ እግር ስላለፈበት ያዳልጣል። ከላይ ከአፋፉ ሆኖ ማየት ያምራል ይላሉ፤ ያምራልም። ነገር ግን ሕዝቡ ሲገፋፋ ገደሉ አጠገብ የ67 ዓመት ሴት አትቆምም። ገና ሳይነጋ ወደ ውስጥ ግቡና ግድግዳ የሚደገፉበት ቦታ ፈልጊላቸው። እስከ በዓሉ ጾም ነው፤ በሶና ዳቦ ቆሎ ከቤት ከያዛችሁ በዚያ ሰሞን ከፍ ባለ ዋጋ ለሚሸጠው ሽሮ ገንዘብ አታባክኑም።

ወደ መንገዱ ልመለስ፤ አልጋውም ገንዘቡም የሚወሰነው እዚያ ነው። ከደብረ ብርሃን በደሴ፣ በወልዲያና በጋሸና በኩል ነው የምትሄዱት። ከጋሸና እስከ ላሊበላ ያለው 64 ኪሎ ሜትር ብቻውን ሲያዩት አጭር ነው፤ ከሙሉ ቀን ጉዞ በኋላ ግን ለታመመ ጉልበት ረጅም ነው። በአንድ ቀን ልድረስ አትበዪ፤ ወልዲያ እደሩ። እዚያ ለአንድ ሌሊት የምትከፍዪው ላሊበላ ላይ ከሚጠየቀው ጋር አይወዳደርም። በማለዳ ተነሥታችሁም ገና ፀሐይ ሳለ ትገባላችሁ። በምሽት ተጉዤ አልጋ ልቆጥብ የሚለውን ሐሳብ ግን አጥፊው። የክልሉ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፤ መንገድ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከመነሣታችሁ ሦስት ቀን በፊት አንድ ጊዜ፣ በመነሻችሁ ዋዜማ ደግሞ ሌላ ጊዜ ወልዲያና ላሊበላ ላለ ሰው ደውዪ። የሚነዳ ሰው ካገኘሽ እሱን ጠይቂ፤ ሹፌር ከማንም ቀድሞ ያውቃል። «ዛሬ አይሆንም» ካሉሽ አይሆንም። ለዚህም ነው ትልቅ ቀብድ አትክፈዪ የምልሽ፤ መንገድ ተዘግቶ የቀረ ሰው ቀብዱን ሲመልሱለት አላየሁም።

እንደዚያ ከሆነ እናትሽ ያዝኑ ይሆናል። ሰኔ 12 የቅዱስ ላሊበላ የዕረፍቱ በዓል ነው፤ ቤዛ ኩሉ የለበትም፣ ሕዝቡም የገናውን ያህል አይሆንም፣ አልጋ ግን እየመረጥሽ ትይዢያለሽ። ቃልሽን በስድስት ወር ብታዘገዪው አላፈረስሽውም።

የመጨረሻው ወንድምሽ ነው። «ደኅና ሆቴል ያዙ» ብሎ ከጠፋ ልጅ ጋር ስለ ሆቴል ዳግመኛ አታውሪ። ከሩቅ ያለ ሰው ቁጥሩ ያልታወቀ ወጪ ያስፈራዋል፤ ሆቴል ሲባል ሦስት ሌሊት ይሁን አምስት፣ 20 ሺህ ይሁን 40 አያውቅም፣ ስለዚህ ዝም ይላል። አንድ ነገር ብቻ፣ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ቀን ጠይቂው፦ ታኅሣሥ 30 ከላሊበላ ወደ አዲስ አበባ ለእናቱ አንድ የአውሮፕላን ትኬት። ሲሄዱ ደስታው ጉልበታቸውን ይሸከመዋል፤ ሲመለሱ ግን ያ የሁለት ቀን መንገድ ሊጥላቸው ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው 23 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ በሰሞኑ ትኬት ስለሚያልቅ ቶሎ መቆረጥ አለበት፤ ይህንንም ጨምረሽ ንገሪው። አንቺ በአውቶቡስ ትመለሻለሽ፤ እሳቸውን አዲስ አበባ የሚቀበል ሰው ካጣሽ ጻፊልኝ፣ በዚያን ቀን ቦሌ አካባቢ ጉዳይ አላጣም።

ትኬቱን ሲቆርጥ ስማቸው በመታወቂያቸው ላይ እንዳለው ይጻፍ። «እማዬ» ብሎ እንዳይጽፍ።